የሽንዲው ሰውዬ ሁለት ናሙናዎች

ዶክተር ስመኘው ስሜን ሳይጠራ ያለፈው በጥናቱ መዝጊያ ስብሰባ ላይ ነው፤ ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ሲቀረኝ። ቂም አልያዝሁም አልልም።

ፍኖተ ሰላም ላቦራቶሪ የገባሁ ዕለት አለቃዬ አንድ መዝገብ ሰጡኝና «ቱቦ ቢሰበር ይተካል፤ መዝገብ ከተሳሳተ ግን ሰው ይጠፋል» አሉኝ። ቱቦም ሰብሬያለሁ። መዝገብ ግን አላሳሳትሁም።

ዶክተር ስመኘው የትልቁ አንጀት ካንሰርን ሊያጠና መጣ። እኔ የዕጢ ቁራጮቹን እየመዘገብሁ፣ ቁጥር እየለጠፍሁ በማቀዝቀዣ አስቀምጥ ነበር። እሱ በኮምፒውተር የትኛው ጂን የትኛውን እንደሚያዝ የሚያሳይ መረብ ይሠራል።

አንድ ቀን መረቡን አሳየን። መሐል ላይ አንድ ጂን ክሮቹን ሁሉ ይዞ ተቀምጧል፤ የዕድር ዳኛ ይመስላል።

«ሁለት ታካሚዎች እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። ይህ አዛዥ ጂን በሁለቱም ጎልቷል» አለ ደስ ብሎት።

ቁጥራቸውን ይዤ መዝገቤን ገለጥሁ። አበረ እና ወልደ ሚካኤል። ሁለቱም ከሽንዲ፣ ዕድሜያቸው እኩል። አንዱ ለምርመራ የተቆነጠረ፣ ሌላው በቀዶ ጥገና የወጣ።

«ዶክተር፣ አንድ ሰው እንዳይሆኑ» አልሁት።

«እትዬ ጥሩዬ፣ ኮምፒውተር ስም አያይም!» ብሎ ሳቀ።

«ለዚያ ነዋ የምነግርዎ። እኔ አያለሁ።»

ቅዳሜ በሚኒባስ ቡሬ ደረስሁ፤ ከዚያ ሽንዲ። ጋሼ አበረ ድነው፣ ደጃቸው ላይ በቆሎ ይፈለፍላሉ።

«ጋሼ፣ ወልደ ሚካኤል ማን ነው?»

«እኔ ነኝ እንጂ! ለቢላዋ ስተኛ በዓለም ስሜ ልመዝገብ? ብሞት ቄሱ በምን ስም ይፍቱኝ?»

«ለምርመራው ታዲያ ለምን አበረ ተባሉ?»

«ያን ጊዜ ልሞት እንደምችል ማን ነገረኝ?»

ሚስታቸው በሳቅ ፍርስ አሉ። እኔም ሳቅሁ። እሸት ቋጥረው ሸኙኝ።

ሰኞ ለዶክተር ነገርሁት። ፊቱ ጠቆረ፤ ግን አንደኛውን ናሙና አውጥቶ መረቡን እንደገና ሠራው። አንድ ሰው ሁለቴ በመቆጠሩ የጎላው ያ አዛዥ ጂን ወደ ዳር ወጣ፤ በቦታው ሌላ ተተካ። ዶክተርና ባልደረቦቹ ለዓመታት የተሳሳተ ጂን ከማሳደድ ተረፉ።

በመዝጊያው ስብሰባ ላይ ዶክተር ስመኘው ቆመና «ስህተቱን በኮምፒውተር ማጣሪያ አገኘነው» አለ። ሹፌሩን ሳይቀር አመሰገነ። እኔን አላመሰገነም።

በማግሥቱ አለቃዬን አስፈቅጄ በናሙና ቅጹ ላይ «የክርስትና ወይም ሌላ መጠሪያ ስም» የሚል መስመር ጨመርሁ። ከግርጌ «ያዘጋጀችው» ብዬ ስሜን ከነአባቴ አሳተምሁ። ቅጹ ዛሬም ይሠራበታል። ዶክተር ስመኘው ናሙና በላከ ቁጥር ከስሜ ሥር ይፈርማል።