ብረት የለመደ ትከሻ

ነጋሳ ሳጥን ሠሪ ነው። ቡልቡላ አስፋልቱ ዳር፣ ከነዳጅ ማደያው ወረድ ብሎ ባለች የቆርቆሮ ዳስ ሥር ሃያ ሁለት ዓመት የቲማቲም ሳጥን መታ። ሚስማሩን በከንፈሩ ይዞ ስለሚሠራ ሰላም ሲሉት በራሱ ነቅነቅ ነው የሚመልሰው። ሚስማር ባይኖርም ያው ነው፣ ዝምተኛ ነው። ማዶ ሻይ ቤት ያላት ፎዚያ በልጁ ስም ጠርታ «አባ ኢፋ፣ ዛሬ ደግሞ ሚስማሩን ዋጡት እንዴ?» እያለች ስታበሽቀው ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቅ ነበር።

ያንን ሰው ምን እንዳደረግነው ስለማውቅ ነው የምጽፈው። «አደረግነው» ያልኩት አምልጦኝ አይደለም።

የዛሬ ሁለት ዓመት በበጋ የመስኖ ሞተር ይሰረቅ ጀመር። በአንድ ወር አራት ሞተር ከወንዙ ዳር ጠፋ፤ ሽንኩርቱ ማሳው ላይ እንዳለ ደረቀ። የገበሬዎቹ ማኅበር ተሰበሰበ፣ ጥበቃ ይመረጥ ተባለ፣ ፈቃድ ያለው አንድ ክላሽም ተገኘ። ማን ይያዘው? የሚጠጣ አይሆንም። ቂም ያለበት አይሆንም። ወጣቶቹንማ ማን ያምናል! ዞረን ዞረን ነጋሳ ላይ አረፍን። «እሱ ዝንብ አይነካም» አልን። አስቡት እንግዲህ፤ ዝንብ የማይነካ ሰው ነው ብለን መሣሪያ ሰጠነው።

እሱ የፈራው ሌባውን አልነበረም። «ሰው ፊት እንዴት አድርጌ ይዤው እሄዳለሁ?» ነው ያለው።

የመጀመሪያውን ወር በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ፣ በገመድ አስሮ፣ በብብቱ ሸጉጦ ነበር የሚሄደው። ያውም በዋናው መንገድ ሳይሆን ከቤቶቹ ጀርባ፣ በቁልቋሉ አጥር ጥግ ጥጉን። የባጃጅ ሾፌሮቹ ግን አንድ ቀን አገኙት።

«ነጋሳ፣ ሸንኮራው በስንት ነው?»

«ተውት፣ ለሚስቱ የገዛው ጃንጥላ ነው!»

ላብ አጥምቆት ገባ። ሚስቱ ዘርፉ ነገሩን ስነግራት አልሳቀችም። «ይፈር» አለችኝ። «ተወው፣ ይፈር። ማፈሩ ማንን ጎዳ?»

ይህን ቃል ዛሬ ነው የምሰማው። ያኔማ እኔ ማን ነኝ! የድሮ ወታደር ነኝ፤ ብረት ይዞ የሚሽኮረመም ሰው ማየት አንገበገበኝ። «በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ሌባ አያስፈራም» አልኩና እኔው ላለማምደው ተነሳሁ። መጀመሪያ ግቢው ውስጥ ወዲህ ወዲያ አስኬድኩት። ቀጥሎ እስከ ወፍጮ ቤት። ቀጥሎ እስከ ፎዚያ ቤት። «መሬት መሬቱን አትይ። ማንገቻውን እንደ እባብ አንገት አትጨብጠው። ሰላም ሲሉህ ቆም ብለህ መልስ። እንዳልያዝክ ሁን፣ ሰውዬ! እንዳልያዝክ ሁን!»

የገበያ ቀን ሲደርስ ከበርበሬ ተራው ዞሮ ወደ ቤቱ ሮጠ ማለት ይቻላል። በሚቀጥለው ሳምንት ግማሹን ሄደ። በሦስተኛው ክላሹን በቀኝ ትከሻው አንግቦ፣ ቀና ብሎ፣ ገበያውን ከዳር እስከ ዳር አቋረጠ። ፎዚያ ቤት ገብተን አጨበጨብንለት። ሚሪንዳ ጋበዝኩት። እንደ ልጅ አባት ኮራሁ።

ሞተር መሰረቁ ቆመ፤ ይህን አልክድም። ሌላም ብዙ ነገር ቆመ እንጂ። ሚኒባስ ሲሳፈር ጋቢናው ይለቀቅለት ጀመር። ወፍጮ ቤት ሴቶቹ ተራቸውን ሰጡት፤ መጀመሪያ «ኧረ በፍጹም» አለ፣ በኋላ «እሺ» አለ፣ በኋላ ማንም ሳይለው ፊት ሄዶ ቆመ። ነጋዴና ገበሬ ሲጣሉ ጠጋ ብሎ ይቆማል፣ ጠቡ ይበርዳል። አንድ ቃል ሳይናገር! እኛ ደግሞ «ነጋሳ ሰው ሆነ» አልን። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ሆኖ ኖሮ ነው?

ፎዚያ ማብሸቁን ተወች። አንድ ቀን «ከአባ ኢፋ ጋር ተኮራረፋችሁ እንዴ?» አልኳት። ብርጭቆ እያጠበች ነበር። በአገጯ ማዶ ወደ ነጋሳ ትከሻ ጠቆመችኝና «እሱን ላብሽቀው ወይስ ያንን ብረት?» አለችኝ። ሳቅሁ። ምን ያስቃል?

ነጋሳ ያለው አንድ ልጅ ነው፣ ኢፋ። አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሸሚዝ ይሰፋል። ከጎኑ ባለው ማሽን የምትሠራው ጂቱ የኛው አገር ልጅ ሆና ተገኘች፤ አባቷ ሰንበታ ከቡልቡላ በእግር አንድ ሰዓት፣ ወደ አቢጃታ በኩል ነው የሚኖረው። ልጆቹ ሦስት ዓመት ተዋደዱ። ኢፋ ደወለና «አባ፣ በቃ ሽማግሌ ላክልኝ። ያላባቷ ምርቃት አላገባም ብላለች» አለ። ሰንበታም ክፉ ሰው አይደለም፣ ልቡ አስቀድሞ እሺ ብሏል፤ «አባትየውም አብሮ ይምጣ፣ ፊቱን ልወቀው» ብሎ ላከብን። ነጋሳ ሳምንቱን ሙሉ ደስታው ከፊቱ አልወረደም። አንድ ልጁን ሊድር ነው።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሆነን ወጣን፤ እኔ፣ የማኅበራችን ሰው አብዱልሃኪምና ነጋሳ። ነጋሳ ከወንዙ ጥበቃ በቀጥታ መጥቶ ፊቱን ታጠበ፣ አዲሱን ጋቢ ለበሰ፣ ከፊት ከፊት ይሄዳል።

«ሙሽራው አንተ ነህ እንዴ? ቀስ በላ!» አለው አብዱልሃኪም።

«ፀሐዩ ሳይበረታ ብዬ ነው።»

«ፀሐዩን ተወው፣ ንግግሩን እኔ ነኝ የማደርገው። አንተ እንደ ጥንትህ ዝም በል።»

እየሳቅን ሄድን። ውሃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች ገና ከሩቅ ሲያዩን ከመንገዱ ወርደው እሾህ ውስጥ ቆሙልን። «ይህ አገር ሽማግሌ ያከብራል» አልኩ። አዎ፣ ብያለሁ።

በኛ አገር ለልመና የሄደ ሰው በር ላይ ጎንበስ ብሎ እርጥብ ሳር ይነጫል። ሳሩን በእጁ ይዞ ነው የሚቆመው፤ ለሰላም መጥቻለሁ ማለት ነው። ሰንበታ ከወንድሙ ጋር ደጁ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል፣ ከቤት የተነጠረ ቅቤ ሽታ ይመጣል፤ ሊያበላን ተዘጋጅቷል። እኔ ነጨሁ፣ አብዱልሃኪም ነጨ። ነጋሳ ጎንበስ ሲል ማንገቻው ከትከሻው ተንሸራተተ። ክላሹ በጋቢው ላይ ዞሮ ወደ ፊት ወደቀና ሰደፉ የደጁን ድንጋይ መታው።

እንዳጎነበሰ ቀረ። አንድ እጁ ሳሩን፣ አንድ እጁ ብረቱን ይዟል። የሰው ዕቃ እጁ ላይ እንዳገኘ ሰው ነበር የሚያየው።

እኛስ? አንድ ሰዓት ሙሉ ከኋላው ሄደናል። ዓይናችን እሱ ትከሻ ላይ ነበር። አላየነውም።

ሰንበታ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «በእጅዎ ሳር ይዘዋል፣ በትከሻዎ ብረት» አለው። «ለየትኛው ነው የምመልሰው?»

አብዱልሃኪም መሐል ገባ። «ወንድሜ፣ ከጥበቃ ወጥቶ ነው! በአላህ፣ ረስቶት ነው!»

«እሱስ ረሳው። እናንተ ሁለታችሁስ?»

እኔና አብዱልሃኪም በእጃችን ያለውን ሳር አየን።

«እሺ ብል ሰንበታ ፈርቶ ልጁን ሰጠ ይባላል» አለ። «ልጄን በራሴ አፍ ልሰጥ ነበር ያሰብኩት። ዛሬ ከዚህ ደጅ የሚወጣ እሺታ ግን የኔ አይደለም። በሉ፣ ፀሐይ ነው፣ ውሃ ጠጥታችሁ በሰላም ግቡ።»

ቆመን ውሃ ጠጣን። ነጋሳ አልጠጣም።

ያለ እሱ ሁለት ጊዜ ተመላለስን። መልሱ ያው ነው። ጂቱም ለኢፋ እቅጩን ነገረችው፤ «አባትህን አልጠላሁትም። ግን አባቴ ፈርቶ ሰጠ የሚል ወሬ ተሸክሜ አላገባም።» ማሽኔን ለውጡልኝ ብላ ከጎኑ ተነሳች።

ኢፋ ከአዳማ መጣ። ሻይ ቤት ነው ያገኘን፣ አልተቀመጠም።

«አባ፣ እንዴት? እንዴት ይዘኸው ትሄዳለህ?»

«ረሳሁት፣ ልጄ።»

«እንድትረሳው ነበር እንዴ በጋውን ሙሉ የተለማመድከው?»

ነጋሳ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ወቀሳ እንኳ አልነበረበትም። ያን ጊዜ ብድግ ብዬ «ያለማመድኩት እኔ ነኝ፣ እንዳልያዝክ ሁን ያልኩት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ለሌላው ሁሉ አፍ አለኝ፤ ቀበሌውን እናገራለሁ፣ ነጋዴውን እናገራለሁ። ያን ቀን ሻዬን አማሰልኩ። ኢፋ የሰባት ሰዓቱን ሚኒባስ ይዞ ሄደ።

ነጋሳ በማግስቱ ክላሹን ለማኅበሩ መለሰ። ለአንድ ጎረምሳ ሰጡት፤ እሱን የሚያለማምድ አላስፈለገም። ነጋሳ ወደ ሳጥኑ ተመለሰ። ሲሄድ ግን ቀኝ አውራ ጣቱ አሁንም ትከሻው ላይ ማንገቻ ትፈልጋለች፤ አጥታ ትመለሳለች። ፎዚያ ቤት ሲገባ አሁንም ወሬ ይቆማል። ባዶ እጁን እንደሆነ ሁሉም ያያል፣ ቢሆንም ይቆማል።

ባለፈው እሑድ ብቻውን ወጣ። ሳሩን እዚያ በር ላይ አልነጨውም፤ እዚሁ ወንዝ ዳር ነጭቶ፣ በሁለት እጁ ይዞ፣ በአስፋልቱ መሐል፣ በባጃጆቹ ፊት አለፈ። ማንም አልቀለደም። አንድ ሰዓት ሲሄድ ሳሩ ጠውልጓል።

ሰኞ ጠዋት ዳሱ ሥር ሄጄ «እህስ?» አልኩት። ሚስማሮቹን ከከንፈሩ አንድ በአንድ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠ።

«ተቀበለኝ» አለ። «ሳሩን በእጁ ተቀበለኝ። ወተት ሰጠኝ። ይቅር ብሎኛል።»

«ተመስገን! እንግዲያው...»

«ጂቱን ከወር በፊት ሌላ ሰው ሽማግሌ ልኮ ጠይቋታል። ሰንበታም እሺ ብሏል። እሷም እሺ ብላለች።»

አስፋልቱ ላይ ቲማቲም የጫነ አይሱዙ አለፈ። ሳጥኖቹ ላይ የነጋሳ ሥራ ይታወቃል፤ ጠርዙ ላይ ሁልጊዜ ሁለት ሚስማር ይደርባል።

«ለኢፋ ማን ይንገረው?» አለኝ። «የኔን ስልክ አያነሳም።»

«እኔ እነግረዋለሁ» አልኩት። «ሁሉንም እነግረዋለሁ።»

ዛሬ ሐሙስ ነው። ይህን ሁሉ ጻፍኩ፤ እስካሁን አልደወልኩም።