ሦስት ስም የወጣለት በቆሎ

የሥራ ባልደረቦቿ «ሚዛኗ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በፋብሪካው ሚዛን ክፍል ስለሠራች ብቻ አይደለም፤ ሰው ሲታማ «እስቲ የሌላውንም ወገን እንስማ» ማለት ስለምትወድ ጭምር ነው። ፋብሪካው የውሻና የድመት ምግብ ይሠራል። ሽታው ከልብስ አይለቅም። አመሻሽ ላይ ከአውቶቡስ ስትወርድ የሰፈሩ ድመቶች ጅራታቸውን ቀስረው እስከ በሯ ይሸኟታል። ባሏ በሕይወት ሳለ «ካንቺ ዘመዶች እነዚህ ይሻላሉ» እያለ ይስቅ ነበር። እሱ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። ድመቶቹ አልቀሩም።

ሥራዋ ወደ ማደባለቂያው የሚገባውን ሁሉ መመዘን፣ በቅጽ ላይ ማስፈርና መፈረም ነው። በጆንያው ጀርባ የሚታተመው ዝርዝር ከዚያ ቅጽ ይወሰዳል። ሕጉ በክብደት የበለጠው ቀድሞ ይጻፍ ይላል። በዚህ መሠረት ለዓመታት መጀመሪያ በቆሎ፣ ቀጥሎ ዶሮ ይጻፍ ነበር። ይህን አንብቦ ያኮረፈ ውሻ አልተሰማም።

አንድ ቀን የሟች ወንድሟ ልጅ በማስታወቂያ ክፍል ተቀጠረች። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት ሚዛኗ ናት፤ ሥራ አስኪያጁን ደጅ ጠንታ ያስቀጠረቻትም እሷው። ልጅቷ የስድስት ወር የሙከራ ጊዜ ተሰጣት። የመጀመሪያ ሥራዋ አዲስ ጆንያ ነበር፤ ፊቱ ላይ አንድ ሙሉ ዶሮ፣ ከዶሮው በላይ በትልቁ «ዶሮ ቀዳሚው» የሚል ጽሑፍ። ጆንያው በጊዜው ከወጣ ቋሚ ትሆናለች፤ ካልወጣ ትሰናበታለች።

ጆንያው ከመታተሙ በፊት አዲስ ቅጽ ወረደ። ለበቆሎ የነበረው አንድ መስመር ሦስት ሆኗል፤ የበቆሎ ዱቄት፣ የተከካ በቆሎ፣ የበቆሎ ፉርሽካ። ሚዛኗ የጽሕፈት ስህተት መሰላት። በቆሎው የሚመጣው ከአንድ ጎተራ፣ በአንድ ቧንቧ፣ ከነፉርሽካው ተፈጭቶ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው መስመር ከመቶ ኪሎ አርባ ስምንት ብላ ጻፈች፤ በሁለቱ ላይ «ከላይኛው ጋር ተመዝኗል» ብላ ፈረመች። ሦስት ቀን እንዲሁ አደረገች። ቢሮ ያሉት ሳቁ፤ ሚዛኗ ሚዛኗን ሳተች ተባለ።

በአራተኛው ቀን ልጅቷ አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፍና ወረደች።

«አክስቴ፣ ለሦስት ከፍለሽ ጻፊውና ልረፍ። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስድስት። ድምሩ ያው ነው።»

«ድምሩ ያው ከሆነ መክፈሉ ለምን አስፈለገ?»

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። «ዶሮው ሃያ ነዋ።»

አሥራ ስድስት ከሃያ እንደሚያንስ ለመረዳት ሚዛን አያሻም። አክስቲቱ ብዕሯን አስቀመጠች። ልጅቷ ሁሉም ፋብሪካ እንደሚያደርገው፣ ማንም እንደማይታመምበት፣ የሙከራ ጊዜዋ ዓርብ እንደሚያልቅ ነገረቻት። አክስቲቱ አልተከራከረችም፤ ክርክር ውሃ መውቀጥ ነው ብላ ታምናለች። ይልቅ ሃያ ኪሎ ዶሮ፣ ማለትም ገና ከታጠበበት ውሃ የሚንጠባጠብ አንገትና ጀርባ፣ መዝና ብቻውን ማድረቂያው ውስጥ አስገባችው። ልጅቷ ትታ መሄድ ትችል ነበር። ጆንያ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። የደረቀው ሲወጣ ሰባት ኪሎ እንኳ አልሞላም።

«የቀረው ውሃ ነበር» አለች አክስቲቱ። «እኔ አንድ ጎተራ ነው የማውቀው፣ የኔ ልጅ። ያላየሁትን አልፈርምም።»

ዓርብ ለምሳ ሲቃረብ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ልጅቷን አስከትሎ መጣ። አልተቆጣም። አሮጊቷ እጇ ከከበዳት ሌላ ሰው ይፈርም፤ ልጅቷ ሲመዘን ቆማ አይታለች፤ ለራሷ ጆንያ ራሷ ብትፈርም ምን ነውር አለው አለ። ቅጹንና ብዕሩን ለልጅቷ ሰጥቶ ወጣ። ሚዛኗ የምሳ ዕቃዋን አንሥታ፣ ልጅቷን ቀና ብላ ሳታይ፣ ወደ ግቢው ሄደች። እዚያ ተቀምጣ በላች። ምን እንደበላች ግን ኋላ አላስታወሰችም።

ስትመለስ ክፍሉ ባዶ ነበር። ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ነው። በመጀመሪያው መስመር አርባ ስምንት ተጽፏል፤ ሁለቱ መስመሮች በማስመሪያ ተሰርዘዋል። ከግርጌው የልጅቷ ፊርማ አለ።

ልጅቷ ቋሚ አልሆነችም። አክስቲቱ መኪና ወደሚመዘንበት ወደ በሩ ተዛወረች። ጆንያው ከሁለት ወር በኋላ በሌላ ሰው ፊርማ፣ ከነዶሮው፣ ከነሦስቱ መስመር ወጣ፤ ጥሩ ይሸጣል ይባላል።

ልጅቷ ብዙ ቀን አኩርፋ ከረመች። ሥራ ፍለጋ ትወጣለች፣ ትመለሳለች፣ በሯን ዘግታ ትተኛለች። አንድ ምሽት ግን ሳትጠራ መጥታ ማዕድ ላይ ተቀመጠች።

«ለሦስት ከፍዬ ፈርሜ ቢሆን ኖሮ ምን ታደርጊኝ ነበር?» አለች።

አክስቲቱ ዳቦ ቆረሰችላት። «እቆጣ ነበር። ከዚያ ራትሽን አቀርብልሽ ነበር።»

«እና ይህን ቀድመሽ አትነግሪኝም?»

«አልጠየቅሽኝም።»

ልጅቷን ሳቅ አፈናት፤ እንዳትስቅ ብላ ዳቦውን ጎረሰች። አክስቲቱ ሳህኗን ስባ ወጥ ጨመረችላት።