ቦራ፣ ገሳዬና አዲሱ ቀሚሴ

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ጥምቀት ነው። ይኸው ክረምት ገባ፣ ንዴቱ ግን አልበረደልኝም። ሰው ሲያነሣብኝ አብሬ እስቃለሁ፤ ቤቴ ስገባ እንደገና እናደዳለሁ። ጣጣው የጀመረው ግን ከጥምቀቱ በፊት በነበረው ክረምት ስለሆነ ከዚያው ልነሣ።

የምንኖረው እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወደ ጉና በሚያወጣው ደጋ ላይ ነው። አባቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ፈረስ መጋለብ ከተዉ ቆይተዋል። ታናሽ ወንድሜ አስማረ መካነ ኢየሱስ ከተማ የስልክ ዕቃ ይሸጣል። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን ፈረሳችንን ቦራን የማበላውም የማጠጣውም እኔ ነኝ። ፈረሱ ግን የአስማረ ነው ይባላል። ለምን ብትሉ፣ በጥምቀት የሚጋልበው እሱ ነዋ!

ቦራን የመሰለ አመለኛ ፍጡር አይቼ አላውቅም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ይብስበታል። እርጥብ ሣር ሳቀርብለት አሽትቶ በአፍንጫው ይገፋዋል። በሐምሌ ደረቅ ሣር ከየት ይመጣል? አጭጄ፣ ተሸክሜ፣ ምድጃው አጠገብ ዘርግቼ እያገላበጥኩ አደርቅለታለሁ። የወንዙ ውኃ ከደፈረሰ አይጠጣም፤ ከምንጭ በጀሪካን ተሸክሜ አመጣለታለሁ።

ጭቃማ ጨርሶ አይረግጥም። በረቱ ደጃፍ ላይ ትንሽ ጭቃ ካየ አራት እግሩን ተክሎ ይቆማል። እኔ ፊት ፊቱ እየረገጥኩ ካልመራሁት ንቅንቅ አይልም። እስከ ቁርጭምጭሚቴ እየሰጠምኩ፣ «ና የኔ ጌታ፣ ይኸው እኔ ረግጬዋለሁ» እያልኩ እለማመጠዋለሁ። ለሰው እንዲህ ብለማመጥ ኖሮ ስንት ነገር ባገኘሁ!

ያን ሁሉ ጊዜ ከላዬ የማትወርደው ገሳዬ ነበረች። ከሣር የተሠራች፣ ከራሴ እስከ ጉልበቴ የምትሸፍነኝ የዝናብ ልብሴ ናት። ጭስና ፈረስ ትሸታለች። ማንም ሰው ቤት ይዣት አልገባም።

አስማረ በዚያ ወቅት ሥራው መደወል ነበር። «እታለም፣ እስቲ የቦራን ፎቶ ላኪልኝ» ይላል። እልክለታለሁ። «ምነው ጎኑ ገባ? አታበይውም እንዴ?» ብሎ ይመልሳል። በረዶው ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ እኔ ሣር እያገላበጥኩ ይህን ስሰማ ስልኩን እሳት ውስጥ ልጥለው ይዳዳኛል። አንድ ቀን «ና አንተው አብላው!» ብዬ ጮህኩበት። «አይ እታለም፣ መንገዱ ጭቃ ነው» አለኝ። እንግዲህ ጭቃ የሚፈሩት ሁለት ናቸው።

መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ አስማረ ከች አለ። ቦራ ያን ጊዜ ቆዳው ያብረቀርቃል። «ለጥምቀት ላለማምደው» ብሎ ልጓም አግብቶ ይዞት ሄደ። አባቴን፣ «አባዬ፣ ክረምቱን በሙሉ የለፋሁት እኔ፣ ምነው ዝም ይላሉ?» አልኳቸው።

«ለሴት ልጅ ፈረስ ምን ያደርግላታል፣ ልጄ?» አሉኝ። «ፈረስ የጋላቢው ነው።»

ይህች ንግግር አንጀቴን አቃጠለችው። ከዚያ በኋላ አራት ወር ቦራን አላየሁትም።

የጥምቀት ዕለት አዲስ ቀሚስ ለበስኩ። ፀጉሬን ተሠርቼ ቅቤ ተቀባሁ፤ ሽቶም ተረጨሁ። ታቦታቱ ካለፉ በኋላ ፈረሰኞቹ ወደ መጋለቢያው ሜዳ ተነሡ። ከጥምቀተ ባሕሩ የፈሰሰው ውኃ በሕዝቡ እግር ተረግጦ መንገዱ ላይ ጭቃ ሠርቷል። ሌሎቹ ፈረሶች ረግጠውት አለፉ። ቦራ አራት እግሩን ተክሎ ቆመ።

አስማረ ነጭ በነጭ ለብሶ ኮርቻው ላይ ጉብ ብሏል። ኮለኮለው፤ አልሄደም። በአለንጋ መታው፤ ወደ ኋላ ሸሸ። ልጓሙን ሲስብበት አፉ ተልጦ ደማ። ያን ደም ሳይ ዓይኔ ጨለመ።

«ተው! አትምታው! እኔን ያውቀኛል!» ብዬ ሰዉን እየገፋሁ ወጣሁ። በምን ኩራት እንደወጣሁ ብታዩኝ!

«ቦራዬ» ብዬ እጄን ዘረጋሁለት። አየኝ። ጆሮውን ወደ ኋላ አስተኛና ጀርባውን ሰጠኝ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። አስማረ ከላይ ሆኖ፣ «እታለም፣ አንቺንም አላወቀሽ እኮ!» አለኝ።

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ለማን ብዬ ነው ያን ሁሉ ሣር ያደረቅኩት? ልሄድ ዞር ስል የራሴ ሽቶ አፍንጫዬን መታኝ። ቆም አልኩ። ቦራ የሚያውቃት ሴት እንዲህ አትሸትም።

ቤታችን ከሜዳው ብዙ አይርቅም። ሮጬ ሄድኩና ገሳዬን ከበረቱ ምሰሶ ላይ አውርጄ በአዲሱ ቀሚሴ ላይ ደረብኳት። በዚያ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ አምሮበት በወጣበት ቀን፣ እንደ ሐምሌ እረኛ ሆኜ ተመለስኩ። «ኧረ ዝናብ መጣ!» አለ አንዱ። «ይታይሽ፣ ምነው ክረምቱን ይዘሽብን መጣሽ?» አለች ጎረቤቴ ስሜን ጠርታ። ጆሮዬን አልሰጠኋቸውም።

ቦራ ገና ከሩቅ ጆሮውን ቀሰረ። ስደርስ አሽካካና አፍንጫውን ገሳዬ ሥር ከተተው። ቀሚሴን ሰብስቤ ጭቃው ውስጥ ገባሁ። እሱም እኔ በረገጥኩበት እየረገጠ፣ አስማረን እንደ ዕቃ ተሸክሞ ተከተለኝ።

ከጭቃው ስንወጣ አስማረ፣ «በይ አሁን ልቀቂው፣ ልጋልብ» አለኝ። እኔማ አልያዝኩትም። ቦራ ራሱ ነው ከአጠገቤ አልሄድ ያለው።

አባቴ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው ያዩ ነበር። በትራቸውን ተደግፈው መጡ። «አስማረ፣ ውረድ» አሉት።

«አባዬ፣ ግልቢያው ሊጀመር እኮ ነው!»

«ውረድ አልኩህ። ፈረሱ የማን እንደሆነ ሰው ሁሉ አይቷል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ውሰጂው፤ ያንቺ ነው። በነዚህ ሁሉ ፊት ሰጥቼሻለሁ።»

ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኖ ቦራን እየመራሁ ቤቴ ገባሁ። ያን ቀን ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ደግሞም አልቅሻለሁ።

በአዲስ ቀሚሴ ጀርባውን የሰጠኝ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። አሮጌዋ ገሳዬ ዘንድሮ ማፍሰስ ስለጀመረች አዲስ አሠራሁ። ያቺን ለብሼ ሣሩን ባቀርብለት ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አሽትቶኝ ጀርባውን ሰጠኝ! ስለዚህ ተመልሼ አሮጌዋን ለበስኩ። ይኸው ውኃው በአንገቴ ገብቶ በጀርባዬ ይወርዳል፤ እሱ ምድጃ ዳር ያደረቅኩለትን ሣር ያላምጣል።

ዱሮ እንዲህ ስናደድ አስማረ ጋ ደውዬ፣ «ና ፈረስህን ውሰድ!» እለው ነበር። አሁን ለማን ልደውል? ፈረሱ የኔ ነው።