ዓለም አልተፈጠረችም ያለው ማሽን

አባቴ ደብረ ማርቆስ ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ መሪጌታ ነበሩ፤ ጾምና በዓል የሚውልበትን ቀን በጣታቸው አስልተው ይነግራሉ። እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ አዲስ አበባ ሄጄ ሒሳብ ካልተማርኩ ብዬ አስጨነቅኋቸው።

«እንግዲያው» አሉኝ ሲሰለቻቸው፣ «ያ የምታወሪለት የስሌት ማሽን ከፍጥረተ ዓለም እስከ ዘንድሮ እንቁጣጣሽ ዋዜማ ስንት ቀን እንደሆነ ይቁጠር። እኔም እቆጥራለሁ። ከገጠመ ትሄጃለሽ፤ ካልገጠመ እዚሁ ትቀሪያለሽ።»

ማሽኑ ያለው አዲስ አበባ ነው። ቋንቋውን የሒሳብ አስተማሪዬ ከመጽሐፍ አስተምረውኛል። ትእዛዙን ወረቀት ላይ ጽፌ በአውቶቡስ እልካለሁ፣ እዚያ ያለ ጓደኛቸው ካርድ ላይ በስቶ ማሽኑን ያጎርሰዋል፣ መልሱ በሳምንቱ በደጀን በኩል ይመጣል። አንዲት ነጥብ ከረሳሁ ሌላ ሳምንት!

የመጀመሪያው መልስ መጣ፦ ሃያ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት፣ ፊቱ ላይ የመቀነስ ምልክት። ወይ ጉድ!

አባቴ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ኧረ ይኸ ማሽንሽ! ዓለም ገና አልተፈጠረችም እያለ እኮ ነው።»

እኔ ንድድ አልኩ። አስተማሪዬን ብጠይቃቸው፣ ማሽኑ ቁጥር የሚያስቀምጥበት ሣጥን ጠባብ ነው አሉኝ፤ ቁጥሩ ሠላሳ ሁለት ሺህ ከምናምን ካለፈ ተገልብጦ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ታዲያ ካቃተው አቃተኝ አይልም? ዓይኑን በጨው ታጥቦ ይዋሻል! ሞኝህን ፈልግ አልኩት፤ በአንተ ውሸት እዚህ አልቀርም።

መላውን ያገኘሁት ከአባቴ ወረቀት ነው። በግእዝ ቁጥር ሲጽፉ እልፉን፣ ማለት አሥር ሺሁን፣ ለብቻ፣ መቶውን ለብቻ፣ ከመቶ በታች ያለውን ለብቻ ያስቀምጣሉ። ለማሽኑም ሦስት ትንንሽ ሣጥን ሰጠሁት፤ የየዓመቱን ቀን እየደመረ፣ አንዱ መቶ ሲሞላ ለጎረቤቱ እንዲያሻግር አዘዝኩት። ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፣ ሁለት ሳምንት ተቃጠለ። እንደገና ጻፍኩ።

በሦስተኛው መጣ፦ ሁለት መቶ ሰባ ሁለት እልፍ፣ ስልሳ ሁለት መቶ፣ ሃያ ስድስት።

አባቴ የራሳቸውን ስሌት ከመጽሐፋቸው መሀል አውጥተው አስተያዩት። አንዲት ቀን አልጎደለችም።

«ልክ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

በደስታ ልጠመጠምባቸው ስል ፊታቸውን አየሁት። «አባባ፣ ምነው?»

«ምንም። እንዳይገጥምልሽ ለማርያም ጥላ ተስዬ ነበር» አሉና፣ ከአልጋው ሥር የራሳቸውን ሻንጣ ጎትተው አቧራውን ያራግፉልኝ ጀመር።