ያልጠጣሁት ውሃ

ባለፈው ሚያዝያ ደብረ ማርቆስ እንደ ወትሮዋ አልነበረችም። ዝናቡ መጣሁ እያለ ቀረ፤ የቤቶቹ ቆርቆሮ ከረፋዱ ጀምሮ ይንጣጣል፤ ሰው ሁሉ ጥላ ለጥላ ሲሄድ ሰነበተ። ከነዚያ ቀናት ባንዱ፣ እኔ ግቢዬ ውስጥ ልብስ ሳሰጣ፣ የጎረቤቴ ልጅ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ከትምህርት ቤት መጣች። እናቷ «ምች መትቷታል» ብላ ከአጥሩ ሥር ዳማ ከሴ በጠሰች፤ ቅጠሉን በመዳፏ አሽታ አፍንጫዋ ሥር ያዘችላት። ሽታው አጥሩን አልፎ እኔ ዘንድ ደረሰ። ያ የሚሰነፍጥ፣ መራራ፣ አረንጓዴ ሽታ።

«መጀመሪያ ውሃ ስጫት! ከፀሐዩ አውጫት፣ ሹራቧን አውልቂላት!» ብዬ ጮህኩ።

ድምፄ ለጉርብትና ከሚገባው በላይ ስለ ነበር ሴትዮዋ ደንግጣ አየችኝ። ቢሆንም የተባለችውን አደረገች፤ ልጅቷም ጥላ ውስጥ ሁለት ኩባያ ጠጥታ፣ አንገቷን በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልላ ከተኛች በኋላ ተነሥታ መጫወት ጀመረች። እኔ ግን ልብሱን ሳልጨርስ ቁጭ አልኩ። እጄ ላይ ያለው እርጥብ አንሶላ እስኪደርቅ ድረስ ተመልሼ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ያደግሁት ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ መንደር ነው። አገሩ ደጋ ነው። ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ያለው ጤዛ እግር ያደነዝዛል፤ ፀሐይ ማለት ለእኛ ግድግዳ ተደግፈው የሚሞቁት እንጂ የሚሸሹት ነገር አልነበረም። እኔ ከቤት የምወጣው ሁልጊዜ ዘግይቼ ስለ ነበር ወደ ትምህርት ቤት የምሄደው በሩጫ ነው። ደወሉ ሲደወል ከወንዙ ማዶ እሆናለሁ፤ ተደውሎ ሳያበቃ ሰልፉ ውስጥ እገኛለሁ። ይህን ያየ ሰው ሁሉ ይስቅብኝ ነበር፤ መምህር ይሁኔ ብቻ አልሳቁም።

መምህር ይሁኔ የስፖርት አስተማሪያችን ነበሩ። ወጣት ናቸው፤ አንገታቸው ላይ ፊሽካ አይጠፋም፤ ሲራመዱ ተረከዛቸው መሬት የሚነካ አይመስልም። አንድ ጠዋት ከሰልፉ ጎትተው አወጡኝና ስሜን ጠየቁኝ። «ፈንታዬ» አልኳቸው። «ፈንታዬ፣ አንቺ የምትሮጪው ስለ ዘገየሽ አይደለም፤ የምትዘገዪው ለመሮጥ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ እኔ ራሴ አላወቅሁትም እንጂ። ያን ቀን ከአባቴም ከእናቴም ይልቅ የሚያውቀኝ ሰው ያገኘሁ መሰለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ፣ ካደረጉት ሁሉ በኋላም፣ አንቱ ከማለት አልወጣሁም። አፌ እምቢ ይለኛል።

አብራኝ የምትሮጥ ይታይሽ የምትባል ልጅ ነበረች። ቤታችን ጎን ለጎን ነው፤ በአንድ ሳምንት ተወልደን በአንድ ጀርባ ታዝለን ያደግን ያህል ነበርን። ሁልጊዜ እኔ አንደኛ፣ እሷ ሁለተኛ፤ ሲቀልዱብን «ጥላዋ» ይሏት ነበር። ትስቅ ነበር። ያ ሳቅ ምን ያህል እንደሚያማት ያን ጊዜ አልጠየቅኋትም።

መምህር ይሁኔ አንድ ጽኑ ሕግ ነበራቸው። የሚሮጥ ሰው ውሃ አይጠጣም። «ውሃ ሆድ ውስጥ ከተንቦጫረቀ እግር ይከብዳል» ይሉናል። ጥማትን ለመልመድ ከወንዝ ዳር ለቅመን ያመጣናትን ጠጠር ከምላሳችን ሥር ይዘን እንድንሮጥ ያዙን ነበር። ይታይሽ አንድ ቀን ጠጠሯን ውጣ ስታለቅስ ዋለች። እኔ የራሴን በመሐረብ ጠቅልዬ አስቀምጥ ነበር፤ ደብተሬን እንኳ እንዲያ አልጠብቅም። በደጋው ብርድ ሕጉ አልጎዳንም። ስለዚህ እውነት ነው ብለን አመንን።

አባቴ ሽማግሌ ነበር፤ በዕድሜው ሳይሆን በሥራው። ድንበር የተጋፉ ገበሬዎች፣ የተኳረፉ ባልና ሚስቶች እሱ ፊት ይቀመጣሉ። ዋርካው ሥር ጋቢውን አጣፍቶ ሲያዳምጥ ዝንብ ፊቱ ላይ ቢያርፍ እንኳ አያባርርም። ሐሰተኛ ምስክር ከመናገሩ በፊት ምራቁን ይውጣል ይል ነበር፤ መንደሩም በዚህ ያከብረዋል። ሴት ልጁ መሮጧን መጀመሪያ አልወደደውም። በኋላ ግን፣ እንዴት እንደ ተለወጠ ሳይነግረኝ፣ ከደብረ ማርቆስ ገበያ ነጭ ሸራ ጫማ ገዝቶ መጣና አልጋዬ ሥር አስቀምጦልኝ ሄደ። ስለ ጫማው አንድ ቃል አልተናገረም። እኔም ደስታዬን ደብቄ፣ ሰው በሌለበት እያወጣሁ አሸትተው ነበር።

ከፋሲካ በኋላ የትምህርት ቤቶች ውድድር ተዘጋጀ። ቦታው ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ውስጥ ነበር፤ ያሸነፈ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ይሮጣል ተባለ። ገና ጎህ ሲቀድ ተነሥተን፣ ሹራባችንን እንደ ለበስን፣ ቁልቁለቱን ተያያዝነው። በወረድን ቁጥር አየሩ ይወፍራል። ዛፉ እያጠረ፣ ድንጋዩ እየጠቆረ ሄደ፤ ነፋሱም ከተከፈተ ምድጃ እንደሚወጣ ወላፈን ፊታችንን ይገርፈን ጀመር። የአገሩ ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ለሰላምታችን እንኳ አልተነሡም፤ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ላይ የሚሄደውን ሰው እንደ እብድ ነው የሚያዩት። ኋላ ሳስበው፣ ከሁላችንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ነበሩ።

ውድድሩ በጠዋት ይጀመራል ተብሎ አዘጋጆቹ ዘገዩ። ሜዳው ላይ አንድ ዛፍ የለም። ተሰልፈን ስንጠብቅ አህያዋን እየነዳች ወደ ገበያ የምታልፍ አንዲት ቆለኛ ሴት አየችንና ቆመች። ከጭነቱ ላይ ቅል ፈታች።

«ጠጪ ልጄ» አለችኝ። «ይህ አገር ጉሮሮ ደርቆ የሚዋልበት አይደለም።»

ቅሉ ቀዝቃዛ ነበር፤ ከውጪው ላብ ላብ ይለዋል። ወደ አፌ ሳስጠጋው መምህር ይሁኔን አየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊሽካቸውን በጣታቸው እያሽከረከሩ፣ ቀስ ብለው፣ ግራና ቀኝ። ቅሉን መለስኩላት። ሴትዮዋ መምህሩን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸውና አህያዋን ነዳች። ይታይሽ ግን ሽንት ቤት ፍለጋ የሄደች መስላ ከጭነቱ ኋላ ተከትላት ነበር። ስትመለስ አገጯ እርጥብ ነው። ዓይን ለዓይን ተያየን። አልተናገርኩባትም፤ እንዲያውም በልቤ ኮራሁባት። ከሁለታችን የታመንኩት እኔ ነበርኩ።

ሩጫው የተጀመረው ቀትር ላይ ነው። ሜዳውን አሥር ጊዜ መዞር ነበረብን። እስከ አምስተኛው ዙር መሪ ነበርኩ። ስድስተኛው ላይ ላቤ ቆመ። ቆዳዬ ደርቆ ብርድ ብርድ አለኝ፤ በዚያ እሳት ውስጥ ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ተነሣ። ራሴን ከውስጥ የሚመታኝ ነገር ነበር። የሕዝቡ ጩኸት ከጉድጓድ እንደሚመጣ ራቀ፤ መሬቱ ነጣ፤ ሜዳው ላይ ወንዝ ያየሁ መሰለኝና ወደዚያ ታጠፍኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው አፌ ውስጥ የገባውን አፈር ብቻ ነው።

ስነቃ ከሜዳው ተሸክመው አውጥተውኝ ሾላ ሥር ተኝቻለሁ። አንድ ጤና ረዳት ተንበርክኮ ሹራቤንና ጫማዬን አውልቆ፣ ብብቴና አንገቴ ሥር እርጥብ ነጠላ አድርጎ፣ ከሰው ቤት በተዋሰው ሰፌድ ያራግበኛል። ሌላ ሰው እግሬ ላይ ውሃ ያፈስሳል። ራሴን ሳውቅ ስኳርና ጨው ያለበትን ውሃ በትንሽ በትንሹ አስጎነጨኝ። ልናገር ስል ምላሴ አልታዘዘልኝም።

«ጥቂት ብትቆይ ኖሮ አናገኛትም ነበር» አለ ጤና ረዳቱ ላቡን እየጠረገ። «ለመሆኑ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ጠጥታለች?»

«ምን ትጠጣ!» አሉ መምህር ይሁኔ። «ስንት ጊዜ ለመንኳት፤ እምቢ አለች። ሴትዮዋ በቅል ስትሰጣት እንኳ መለሰችላት።»

ሰማሁ። ከላዬ ቆመው ነበር፤ ጥላቸው ፊቴ ላይ ነው። ፀሐይ ከጣለኝ በላይ ያ ቃል ጣለኝ። ጤና ረዳቱ በሐዘን አየኝ፤ «ለምን ልጄ? ለምን በራስሽ ትጨክኛለሽ?» አለኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

በበቅሎ ጭነው ወደ መንደራችን አወጡኝ። እናቴ ስታየኝ ምች ነው ብላ ደነገጠች፤ ዳማ ከሴዋን አሽታ በአፍንጫዬ ጨመቀችልኝ፤ ቤቱ በቅጠሉ ሽታ ተሞላ። እኔም እዚያ ሽታ ውስጥ ተኝቼ ለሦስት ቀን የምናገረውን ቃል ሳዘጋጅ ቆየሁ። በአራተኛው ቀን ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። አባቴ አልተቆጣም፤ እንደ ልማዱ አደረገ። መምህሩን አስጠራ፣ ይታይሽን አስጠራ፣ ቤታችን ውስጥ መደቡ ላይ ጋቢውን አጣፍቶ ተቀመጠ።

መምህር ይሁኔ የሾላው ሥር ቃላቸውን ደገሙ። ሐዘናቸው እውነተኛ ይመስል ነበር፤ ምናልባትም ነበር።

«አንቺስ ልጄ፣ ምን አየሽ?» አላት አባቴ ይታይሽን።

ይታይሽ ምራቋን ዋጠች። እኔ አየሁ። አባቴ ግን በዚያች ቅጽበት የሚያየው መምህሩን ነበር።

«ጋሼ ይሁኔ ጠጪ ብለዋታል» አለች። «እሷ ናት እምቢ ያለችው።»

«ይታይሽ!» አልኩ። ቀና ብላ አላየችኝም። የቀኝ እግሯን አውራ ጣት በግራዋ ስትረግጥ፣ የወለሉን የእበት ልስን ስትቧጥጥ ብቻ ትዝ ይለኛል።

አባቴ ጋቢውን አስተካከለ። ከዚያ ወደ አልጋዬ ዞሮ፣ «ሁለት ሰው መሰከረ፤ ምን ላድርግልሽ?» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ ቢኖር እችለው ነበር። ሐፍረት ነበር ያለው። የሰው ልጅ ሲዳኝ የኖረ ሰው፣ ልጁ ውሸታም ሆና ተገኘችበት። ከዚያ ቀን በኋላ መሮጥ ቀረ። መምህር ይሁኔ በዓመቱ ተዛውረው ሄዱ። ደብረ ማርቆስ የሮጠችው፣ እኔ ስወድቅ አንደኛ የወጣችው ይታይሽ ናት፤ የኔን ነጭ ሸራ ጫማ አድርጋ። እናቴ «ተቀምጦ ከሚበላሽ» ብላ ሰጠቻት። ስትሮጥ አላየኋትም፤ ስትመለስ መንደሩ በእልልታ ሲቀበላት ግን ከቤታችን ጓሮ ሆኜ ሰምቻለሁ።

ጊዜው ሲሄድ የአባቴ ሐፍረት ወደ ቀልድ ተለወጠ። ይህ ከሁሉም የባሰ ነበር። ሠርግ ላይ፣ ማኅበር ላይ፣ ጠላው ሞቅ ሲያደርገው፣ «የኔ ልጅ እኮ» ብሎ ይጀምራል፣ «ዓባይ በረሃ ወርዳ ውሃን እምቢ ያለች ናት!» ሰው ይስቃል። እሱ ግን እያየኝ ዓይኑ ይበራል፤ በፍቅር ነው የሚያወራው፤ እልኬን ወዶታል። ሁለት ሦስት ጊዜ ላቋርጠው ሞክሬ ነበር። «ተይ እንግዲህ፣ ያለፈ ነው፤ ይቅር ብዬሻለሁ» ይለኛል። ይቅር ያለኝ ባላደረግሁት ነገር ነው፤ አመስግኜ ዝም ከማለት ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

ይታይሽ ቁይ ከተማ ሄዳ አገባች። ከብዙ ዓመት በኋላ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ተገናኘን፤ ተቃቅፈን ተላቀስን። እኔ ሳልጠይቃት እሷ ጀመረችው። «ጋሼ ይሁኔ፣ ‹እኔ ከተባረርኩ አንቺንም ደብረ ማርቆስ የሚወስድሽ የለም› አሉኝ። ልጅ ነበርኩ፣ ፈንታዬ። ሁልጊዜ ኋላሽ መሮጥ ሰልችቶኝ ነበር።»

«አልቀየምኩሽም» አልኳት። «ብቻ አባዬ በሕይወት ሳለ መጥተሽ ንገሪልኝ። አንድ ቃል ነው።»

«በማርያም! ለጥቅምት እመጣለሁ» አለች።

ጥቅምት መጣ፤ ሌላም ጥቅምት መጣ። ስደውል ልጅ ታመመ ትላለች፣ አዝመራው አልተሰበሰበም ትላለች። አባቴ በቀጣዩ ክረምት መውጫ ሞተ።

ለቅሶው ላይ መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች፣ እንደ ልጁ አለቀሰችለት። በሠልስቱ ቀን ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሐዘኑን ለማስረሳት ጨዋታ ሲያነሣ፣ አጎቴ ያችን የውሃ ታሪክ አመጣት። ልክ እንደ አባቴ አድርጎ፣ ድምፁን እየሳበ ተረካት። ሲጨርስ ወደ ይታይሽ ዞረ።

«አንቺ አብረሻት አልነበርሽም እንዴ?»

«ነበርኩ እንጂ።»

«እውነት እምቢ ብላ ነው?»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ይታይሽ አየችኝ፤ በደንብ፣ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። የምትናገር መስሎኝ ትንፋሼን ያዝኩ።

«እሷ እኮ ድሮም ግትር ናት» አለች፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። ሰው ሁሉ በቀስታ ሳቀ። አጎቴም ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ሩጫው አሁን አይቆጨኝም። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ የሚያመኝ ሴት ሆኛለሁ፤ ሮጬ የትም ብደርስ ኖሮ እንኳ የምኖረው ይህንኑ ኑሮ ነው። ይታይሽንም አጥቻታለሁ ማለት አልችልም፤ ለበዓል ትደውልልኛለች፣ አነሣላታለሁ። ያጣሁት አባቴን ነው፤ ከመሞቱ በፊት ብዙ ዓመት ቀድሜ፣ እዚያ መደቡ ፊት። በየሠርጉ የኮራባትን፣ ይቅር ብሎ የወደዳትን ያችን እምቢተኛ ልጅ አላውቃትም። የተባለችውን ሁሉ ያደረገችውን ልጁን ደግሞ እሱ አላወቃትም።