ዲፌንሱ እስኪያልፍ

ሲሚንቶ ብለው የሚጠሯት የላብራቶሪው ቴክኒሻኖች ናቸው። ባሏ አንድ ቀን ሊወስዳት መጥቶ ሲጠሯት ሰማና ቅጽል ስሙን ቤት ድረስ ይዞት ገባ። ግራጫው አቧራ ከቅንድቧም ከጥፍሯ ሥርም ጠፍቶ አያውቅም ነበር። የዶክትሬት ሥራዋ በድንጋይ ዱቄት የተቀየጠ ኮንክሪት ነው። ኪዩብ ትሠራለች፣ ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፋለች፣ ቀኑ ሲደርስ ማሽን ላይ አስቀምጣ ትጨፈልቃለች። የሚተርፋት ኪዩቡ ስንት ጭነት እንደቻለ የሚያሳይ አንድ ቁጥር ነው። አንድ ጊዜ ልጇ ታማባት ከላብራቶሪው ቀረች። በዚያን ዕለት መሰበር የነበረባቸው ኪዩቦች በማግስቱ ተሰበሩ፤ ቀናቸው አልፏልና ውጤቱ ከንቱ ሆነ፣ ሥራው ከቡኮው ጀምሮ ተደገመ። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ስታስነጥስ እንኳ ደንገጥ ትላለች።

ሥራው ወደ ማለቁ ሲጠጋ አማካሪዋ ሌላ አገር ባለ የምርምር ተቋም የሁለት ዓመት ቦታ አፈላልገው አገኙላት። ቤቷ አጠገብም ሥራ ነበረ፤ በአውቶቡስ የሚደረስበት ኮሌጅ አስተማሪ ይፈልጋል። የኮሌጁን ላብራቶሪ ሄዳ አይታዋለች። የመጨፍለቂያ ማሽኑ በላስቲክ ተሸፍኗል፣ ላዩ ላይ የተማሪዎች ወንበር ተደርድሯል። ባሏ ቀያሽ ነው፤ ሳምንቱን መንገድ በሚሠራበት ካምፕ እያደረ ቅዳሜ ይመጣል። እሷ ከሄደች ልጅቷን ማን ይይዛታል?

የሲሚንቶ አባት እኔ አለሁ አሉ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗል፣ አሁን ግማሽ ቀን መንገድ በሚያስኬድ ከተማ ከታላቅ እህቷ ጋር ይኖራሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ስንቱን ሰካራም ጭኜ ያደረስኩ ሰውዬ አንዲት ሕፃን ታቅተኛለች ወይ ብለው በስልክ ሳቁባት። እሷም ያንን ቃል ይዛ ጉዳዩን ገፋችበት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ስልኩ አጠረ። አባቷ ደህና ነኝ፣ ሥራሽን ሥሪ ይሉና ለእህቷ ይመልሱታል። አፋቸው ተያዝ ያለ መሰላትና ጠየቀች። እህቷ ጥርስ ተነቅለው ነው አለች። አመነች፤ ማመኑ ይሻላት ነበር። የመጨረሻው ምዕራፍ እንቅልፍ ነስቷታል፣ ባሏም አንድ ሐሙስ ነው የቀረሽ እያለ ያባብላታል። ከውጭው ተቋም የሥራ ውሉ መጣ፣ ፈረመች።

የዶክትሬቱ ዲፌንስ ያለ ችግር አለፈ። ፈታኞቹ ጠየቁ፣ መለሰች፣ በር ላይ ጨበጧት። ባሏ ልጅቷን ይዞ ኮሪደሩ ላይ ይጠብቃት ነበር። ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሲወርዱ አባቷ መታመማቸውን ነገራት። ስትሮክ ነው፤ ቀኝ እጅና እግራቸው አይታዘዛቸውም። ወራት አልፎታል። እሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃል።

«ብነግርሽ ሁሉን ትተሽ ትሄጂ ነበር» አለ።

«ስፈርም አጠገቤ ቆመህ ነበር።»

ልጅቷ በመሀላቸው እየዘለለች ሄደች።

በማግስቱ ተያይዘው ወደ እህቷ ቤት ሄዱ። እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። አንዷ ክፍል መኝታም ሱቅም ሆናለች፤ የአባቷ አልጋ እንዲገባ የስፌት መኪናው ወደ በሩ ተገፍቷል፣ ያላለቀ የተማሪ ዩኒፎርም በየወንበሩ ተከምሯል። አባቷ ተላጭተው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ግራ እጃቸውን ዘረጉላት።

የመደበቁ ምክር የራሳቸው የአባቷ ነበር። እስክትጨርስ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሱ ብለው ሁሉንም አስምለዋል። በዚህ ቤተሰብ ክፉ ወሬ ፈተና እስኪያልፍ ይጠብቃል። የእህትማማቾቹ እናት የሞቱ ጊዜም እህቷ አክስቷ ዘንድ ሆና ትማር ነበርና መርዶውን የነገሯት ከፈተና በኋላ ነው። ፈተናውን ግን ወድቃለች።

አሁን ምን ይደረግ ሲባል ሁሉም እንደሚመችሽ አሉ። እህቷ ሻይ አቀረበች፣ እንደሚመችሽ። ባሏ ስኳር አማሰለ፣ እንደሚመችሽ። ሲሚንቶ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና ከእንግዲህ ያን ቃል መስማት እንደማትፈልግ፣ እያንዳንዱ ለራሱ የሚፈልገውን እንዲናገር ነገረቻቸው።

አባቷ ሂጂ አሉ። ለኔ ብለሽ ብትቀሪ ዕዳ ሆኜ መሞቴ ነው፣ ሰው ቅጠሩልኝ አሉ።

ባሏ ወለሉን አየ። «አንቺ ካልሽ እኔ…»

«እኔን ተወኝ። አንተን ነው የጠየቅኩህ።»

«ባትሄጂ ደስ ይለኛል» አለ። ይህን ሲል የመጀመሪያው ነው።

እህቷ የምታጥፈውን ሸሚዝ ጉልበቷ ላይ አኖረች።

«እኔንስ አትጠይቂኝም?»

ድምጿን አላነሳችም። «አንቺ ስትጨርሺ እኔም እጨርሳለሁ ብዬ ነው የቆየሁት። ሌሊት ተነስቼ አባታችንን አገላብጣለሁ፣ ቀን ደግሞ እሰፋለሁ። ሁለት ዓመት ጨምሪ ካላችሁኝ አልችልም። ደክሞኛል እህቴ።»

አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ልጅቷ ውሃ ጠየቀች።

«እታለም» አለች ሲሚንቶ። ተነስታ ውሃውን ቀዳች።

ለተቋሙ መልእክት የጻፈችው እዚያው ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነው። ከምስጋና ጋር እንደማትመጣ ገለጸች፤ ምክንያቱን «የቤተሰብ ጉዳይ» አለችው። አማካሪዋ ደውለው እንዲህ ያለ ቦታ ሁለተኛ እንደማይገኝ ነገሯት። ልክ ስለሆኑ አልተከራከረቻቸውም።

«ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ» አለችው ባሏን።

«አውቃለሁ።»

አባቷን በሳምንቱ ወደ ቤቷ አመጡ። ሶፋው ለጎረቤት ተሰጠና አልጋቸው ሳሎን ገባ። ባሏ ከካምፕ ወደ ቢሮ ያዛውሩት ዘንድ ጠይቆ መልስ ይጠብቃል። ኮሌጁ የጠዋቱን ክፍለ ጊዜ ሰጥቷታል፤ በዚያን ሰዓት አባቷን የምትጠብቅ ሴት ተቀጥራለች። እህቷ እሳቸውን ለማድረስ አብራ መጥታ በልጅቷ አልጋ ላይ ተኛች። ረፋዱ አለፈ፣ ምሳ ደረሰ፣ አልነቃችም። ልጅቷ በእግር ጣቷ እንድትሄድ ታዘዘች።

ሲሚንቶ በሳህን ሙቅ ውሃ ቀድታ፣ በአባቷ አንገት ፎጣ አድርጋ መላጨት ጀመረች። ኮንክሪት የለመደ እጅ ነው፣ ይከብዳል። አገጫቸው ላይ ቆረጠቻቸው።

«የእህትሽ እጅ ይሻላል» አሉ።

«እሷ ለምዳዋለች።»

«አንቺም ትለምጃለሽ» አሉና ሌላኛውን ጉንጫቸውን አዞሩላት።