የጣት ልክ

አጽብሐ የሰው እጅ የሚይዘው ወርቅ ቤት ውስጥ ብቻ ነበር።

ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ያለችውን አንድ ክፍል ቤቱን የሚያንኳኳ የለም። አብዛኞቹ ጎረቤቶቹ ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል፤ የሱ መደዳ ለጊዜው ተርፏል። ፒያሳ በሚሠራበት ወርቅ ቤት ባንኮኒ ላይ ግን ሙሽሮች ይመጣሉ። ቀለበት የሚያሠራ ሰው ጣቱን ይለካል። አጽብሐ እጃቸውን በግራው ይቀበላል፣ በቀኙ የመለኪያ ቀለበቶቹን በየተራ ያጠልቃል፣ “ጠበቀሽ? ላላ?” ይላል። ከማለዳ እስከ ማታ የሰው እጅ ይዞ ይውላል። ሥራውን የሚወደው ለዚህ እንደሆነ ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ከዚያ ችፌው መጣ። በጣቶቹ መካከል ጀመረው። መጀመሪያ ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ሽፍታዎች ወጡ፣ ቀጥሎ ያሳክከው ጀመር፣ በኋላ ቆዳው ተሰነጣጥቆ ደም አወጣ። ሬት ቀባ። ሎሚ አሸበት፤ ያን ቀን ጥርሱን ነክሶ አለቀሰ። ጠበል ተጠመቀ። ሐኪም ሳያዝለት ከፋርማሲ የገዛው ቅባት በሳምንት አጸዳለት። ሲጸዳ ተወው፤ ሲተወው ብሶ ተመለሰ። እንዲህ ሲሄድ ሲመጣ ከረመ።

ምሳውን ከመሓሪ ጋር ነበር የሚበላው፤ መሓሪ እዚያው መስመር ላይ ጫማ የሚሸጥ የአገሩ ልጅ ነው። አንድ ትሪ ይቀርብላቸዋል፣ በትግርኛ ያወራሉ። በርበሬው ስንጥቁ ውስጥ እየገባ ሲለበልበው አጽብሐ በማንኪያ መብላት ጀመረ። አንድ ቀን አስተናጋጇ ሁለት ትሪ ይዛ መጣች።

“ለማንኪያው ይመቻል ብዬ ነው” አለች።

መሓሪ ስልኩን ይነካካ ጀመር። አጽብሐም እንደተመቸው ሰው በላ። ብዙም ሳይቆይ መሓሪ ምሳውን ሌላ ቤት አደረገ።

ሰላምታም ሌላ ሆነ። እጁ እንደቆሸሸ ሰው አንጓውን ይዘረጋል፤ ሰዎች አንጓውን ነካ አድርገው ያልፋሉ።

ጥር መጨረሻ ላይ፣ ሠርጉ ሲጧጧፍ፣ አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጋር መጣች። አጽብሐ እጇን ሊቀበል ሲዘረጋ እናትየው መሃል ገባች።

“ቆይ ቆይ፣ አባባ፤ እጅዎ ምን ሆኖ ነው?”

“ችፌ ነው እናቴ። አይተላለፍም።”

“እሱስ እግዚአብሔር ይማርዎት። ግን እሷ ሙሽራ ናት።”

ልጅቷ እጇን ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከተተች። ሌላ ሻጭ ለካት።

ማታ የወርቅ ቤቱ ባለቤት ልጅ ኤደን ጠራችው። አባቷ ከታመመ ወዲህ ቤቱን የምትመራው እሷ ናት።

“ጋሽ አጽብሐ፣ ጓዳ ቢሠሩ ምን ይመስልዎታል? ማጠቡም ማለስለሱም እንደ እርስዎ የሚሆንለት የለም።”

ጓዳው አሲድ አለበት፣ የኦሞ ውሃ አለበት፣ መስኮት የለውም። ሰውም የለውም።

“እስከ ፋሲካ ታገሺኝ” አላት። “ጾም እየገባ ነው። በጾም ማን ያገባል?”

“እስከ ፋሲካ ይሁን። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ሙሽራ ሲመጣ እጅዎ እንዲህ ከሆነ ግን…”

“ጓዳ እገባለሁ።”

በማግስቱ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ጽዮን የምትባል ወጣት ናት። እጁን ሳትሰቀቅ ይዛ በመብራት አገላብጣ አየችው።

“ቀኑን ሙሉ እጅዎ ምን ውስጥ ይውላል?”

“ወርቅ ውስጥ።”

“ታድለው!” ሳቀች። “ወርቁን በምን ያጥቡታል?”

“ለብ ባለ ውሃ፣ በኦሞ። ደንበኛ ያጠለቀውን የድሮ ቀለበት አጥቤ ነው የምመልሰው። ምርቃት ነው።”

“ምርቃቱ ነዋ የበላዎት።”

ቅባት አዘዘችለት። ባጠበ ቁጥር ቫዝሊን፤ ሲያጥብ የላስቲክ ጓንት፣ ላቡ እንዳያሳክከው ከሥሩ የጥጥ፤ ሌላውን ጊዜ የጥጡን ብቻ። “ደግሞ ዳነ ብለው ቫዝሊኑን እንዳይተዉ። ቆዳው ከላይ የዳነ መስሎ ያታልላል” አለችው።

ጾሙን በነጭ የጥጥ ጓንት ያዘው። ደጃፉ ላይ ሰዓት የሚሸጠው አማኑ ለቀልድ ሰበብ አላጣም።

“ጋሽ አጽብሐ! ጊዮርጊስ በረኛ አስፈረመ እንዴ?”

“አስፈርሞኛል። አንተን ለኳስ አቀባይነት አጭቼሃለሁ።”

“በዚህ ዕድሜ ፍጹም ቅጣት ምት ያድናሉ?”

“ሰዓቶችህን አድናቸው አንተ። ግማሾቹ ሞተዋል።”

እየተሳሳቁ ይለያያሉ። አማኑ ግን እጁን አይዘረጋም።

ሰሞነ ሕማማት ሲገባ፣ እንደ ወጉ፣ ማንም ማንንም መጨበጥ ተወ። ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ሰው ሁሉ በሩቁ አንገቱን እየሰበረ ይተላለፋል። ያን ሳምንት አጽብሐ ከሰው እኩል ነበር።

ፋሲካን ቤቱ ውስጥ ብቻውን ፈታ። በክፍያ ወጥ የምትሠራለት ሴት የላከችለትን በጣቱ በላ፤ አልለበለበውም። ስንጥቁ ገጥሟል። ቆዳው ስስ ነው፣ እንደ ሕፃን ቆዳ ቀላ ብሏል፣ ግን ንጹሕ ነው።

ዳግም ትንሣኤ ባለፈ ማግስት ሁለት እጁን ኤደን ፊት ዘረጋ።

“እይው። ድኗል።”

ኤደን ጎንበስ ብላ አየች። አልነካችውም። “እሰይ! እንኳን እግዚአብሔር ማረዎት። ጓንቱን ግን አያውልቁት።”

“ለምን?”

ስልኳን አወጣች። በጾሙ ውስጥ አንዲት ደንበኛ በጓንቱ ሲለካት ቀርጻ ቲክቶክ ላይ ለቃዋለች። “አዩት? ‘ፒያሳ እንዲህ ያለ ክብር ያለው ወርቅ ቤት’ ይላሉ። ለሻጮቹ ሁሉ ገዝቻለሁ።” ጥቁር ጓንቶች ከነላስቲካቸው ባንኮኒው ላይ ተደርድረዋል።

“በጓንት ልክ አይያዝም፣ ኤደን። ቀለበቱ አጥንቱ ላይ ሲነካ በጣቴ ነው የማውቀው።”

“መለኪያው ቁጥር አለው እኮ፣ ጋሽ አጽብሐ።”

ቁጥር አለው። ሌላው ምክንያቱ ለአሠሪ ልጅ የሚነገር አልነበረም። ጥቁሩን ጓንት አጠለቀ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሙሽራ መጥታ እጇን ሳታመነታ ሰጠችው። የመጀመሪያው ቀለበት ጠበቃት፣ ሁለተኛው ልኳ ሆነ።

“አባባ፣ ጓንቱ ሲያምር! ፎቶ ላንሣ?”

“አንሺ።”

በአንድ እጇ ስልኩን አነሣች፤ ብርሃኑ አልሆን ብሏት ወዲያ ወዲህ አለች። አጽብሐ ልኩን ከጨረሰ ቆይቷል። “ቀስ በይ፤ አልቸኩልም” አላት። እጇን አልለቀቀም።